ክሩ

በታይ ቋንቋ መምህር «ክሩ» ይባላል፤ ከሕንዱ «ጉሩ» የተወለደ ቃል ነው። የእኔ ጆሮ ግን የሚሰማው ክር ነበር፤ ጥልፍ የሚጠለፍበት፣ ማተብ የሚሆነው ክር። አሥር ወር ሙሉ የአራት ዓመት ሕፃናት ከአሸዋ መጫወቻው፣ ከእጅ መታጠቢያው፣ ከምንጣፉ ዳር «ክሩ! ክሩ!» እያሉ ሲጠሩኝ አንድም ቀን ሳልደሰት የዞርኩበት ጊዜ የለም።

ባንኮክ የገባሁት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባን በክረምት ዝናብ ትቻት ወጣሁ፤ ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣም ዝናብ ተቀበለኝ። የእነርሱ ዝናብ ግን ይሞቃል፤ ገላ ላይ ሲያርፍ ከላብ አይለይም። በመሥሪያ ፈቃዴ ላይ የሰፈረው ዓመት 2561 ነበር። ታዮች ዘመናቸውን ከቡድሃ ኅልፈት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገያለን። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 2018 ይላል። የራሱን ዘመን አጥብቆ በያዘ ሕዝብ መካከል መኖር ይህን ያህል ያጽናናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰዓታቸውማ! የክፍሌ ረዳት መምህርት በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ብዙ ሕፃናት በእጇ ያለፉ ሴት ነበረች። ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት እዚያም ነውር ነው፤ «ፒ» ይባላል፣ እንደኛው «እትዬ» መሆኑ ነው። እኔም ፒ አልኳት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቷ ለእራት ስትጠራኝ «ሶንግ ቱም» ብላ ሁለት ጣቷን አሳየችኝ። ሌሎቹ የውጭ አገር መምህራን በዚህ አቆጣጠር ግራ ይጋባሉ። ታዮች ግን ምሽቱን የሚቆጥሩት እንደኛው ከአንድ ጀምረው ነው፤ ሶንግ ቱም ማለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት በሯን አንኳኳሁ። በሩን ስትከፍት ምግቡ ገና እየጨሰ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስተምራኛለች። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ልጆቹ በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ በእጇ አንጓ ላይ መነኮሳት የባረኩት ነጭ ክር የታሰረላት፣ ግራና ቀኙን አመሳክራ ጫማዋን አሰካክታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «የኔ ቆንጆ» ብዬ ራሷን ዳበስኳት። ፒ አልተቆጣችም፣ ቃልም አልተናገረችም። መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ከልጅቱ አናት ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። በታዮች ዘንድ ራስ ከሰውነት ሁሉ የከበረው፣ እግር ደግሞ ዝቅተኛው ክፍል ነው፤ የሰው ራስ እንዲሁ አይነካም፣ እግርም ወደ ሰው አይዘረጋም። እኛ ደግሞ ልጅ ስንመርቅ እጃችን የሚሄደው ወደ ራሱ ነው። አያቴ መዳፏን አናቴ ላይ ሳታሳርፍ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ለሳምንታት እጆቼን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ቀስ በቀስ ግን ልጅ ባመሰገንኩ ቁጥር መንበርከክ፣ ዓይኔ ከዓይኑ እስኪስተካከል ዝቅ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚታየው ክፍል ሌላ ነው፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባር ላይ ይመጣል፣ መምህራን ደግሞ ጉልበት ብቻ ይሆናሉ።

ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ነው። ንባብ የሚጀመረው በስድስት ድምፆች ነው፦ ስ፣ አ፣ ት፣ ፕ፣ ኢ፣ ን። በእነዚህ ብቻ ልጁ ወዲያው «ፒን»፣ «ታፕ» ብሎ ቃል ይገጥማል። የፊደሉ ስም ቆይቶ ይመጣል፤ «ኤስ» የሚለው ስም «ስ» የሚለውን ድምፅ ስለሚያደናግር። እኔ በስንደዶ እየነካሁ ሀ ሁ ሂ ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህ ችግር መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ የእኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ነው። የታይ ልጆች ደግሞ በሕግ የራሳቸውን ቋንቋ መማር ስላለባቸው 44ቱን ተነባቢዎች በዜማ ያጠናሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ነገር ስም አለው፣ የመጀመሪያው ዶሮ፣ ሁለተኛው እንቁላል። አናባቢዎቹ በፊደሉ ላይ፣ ሥር፣ ፊትና ኋላ ሲለጠፉ ሳይ የአገሬን ካዕብና ሣልስ ያየሁ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት፣ ልጇን እንግሊዝኛ የምታስተምረው መምህርት ለምን ከኢትዮጵያ እንደሆነች ጠይቃለች። ነገሩ ቆረጠኝ፤ አሁንም ሲታወሰኝ ይቆርጠኛል። ሕፃን ድምፅ የሚማረው ከአፍና ከትዕግሥት እንጂ ከፓስፖርት አይደለም።

ከሴኡል የመጣ አንድ ልጅ ነበረን። ከነሐሴ እስከ ጥር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ሕፃን ወራት ሙሉ ዝም ሊል እንደሚችል፣ ጆሮው እየሞላ እንደሆነ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ለወላጆቹ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። ግን ማታ ማታ እኔም እጨነቅ ነበር። ልጁ የሁሉንም ቦርሳ ዚፕ ይዘጋል፣ የተበተነ እርሳስ ይለቅማል፤ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ የባንኮክ አየር በደቃቅ ብናኝ ታፍኖ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። ስንመለስም ልጆቹ ደጅ እንዳይወጡ ተባለና ጉልበታቸውን ሁሉ ክፍል ውስጥ አወጡት። ያቺ ጫማዋን የምታሰካካዋ ልጅ ስትሮጥ ሸክላው ንጣፍ ላይ አዳለጣትና በአገጯ ወደቀች። እኔ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። አጠገቧ ተንበረከከና፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «እኔን!» አላት።

ልጅ በወደቀ ቁጥር እኔን እንደምል አላውቀውም ነበር። ፒ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እኔ» ማለት ነው አልኳትና ወዲያው አለመሆኑን አወቅሁ። በተሰባበረ ታይኛዬና በእሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መካከል ፈልጌ ፈልጌ፣ «አንቺን ያገኘሽ እኔን ያግኘኝ» ማለት ነው አልኳት። ልጁን ቆማ አየችው። ከዚያ የልጅቱን አገጭ እየጠረገች፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ «እኔን» አለች።

በሰኔ፣ እንደ ልማዱ ሐሙስ ቀን፣ መምህራን የሚከበሩበት «ዋይ ክሩ» ሆነ። ልጆቹ በትሪ የደበርጃን አበባ፣ ሰርዶና ቀይ አበባ ይዘው ይመጣሉ። የደበርጃን አበባ አንገቱን ደፍቶ ስለሚያድግ የትሕትና፣ ሰርዶው ቶሎ ስለሚንሰራፋ የእውቀት፣ ቀዩ አበባ እንቡጡ ሹል ስለሆነ የአእምሮ ስለት ምልክት ነው። መምህራን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ተንበርክከው ያቀርባሉ። የሴኡሉ ልጅ ተራው ደርሶ ፊቴ ሲንበረከክ እኔም ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ እሱ ልወርድ ስል፣ ፒ ከኋላዬ ትከሻዬን ጫን አደረገች።

«ዛሬ ተቀመጪ፣ ክሩ» አለችኝ።

ተቀመጥኩና ትሪውን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። አንዲት የሰርዶ ዘለላ ወደቀች፤ ልጁ አንሥቶ መለሳት።