ለምለም ለምትሉ ሁሉ

ዛሬ ጠዋት የግቢያችንን በር ያንኳኩት አምስት ልጆች ናቸው። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር እንዲህ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ቡናው ሳይፈላ በሩ ይንኳኳል። ትልቋ "አበባየሆሽ" ትላለች፣ አራቱ "ለምለም" ይላሉ። መሃል ላይ ትልቋ ግጥሙ ጠፋትና ዝም አለች። ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ትንሿ ግን ማንም ሳያወጣላት ለብቻዋ "ለምለም! ለምለም!" ማለቷን ቀጠለች። ትልቋ ሳቀች፤ ስትስቅ ግጥሙም ተመለሰላት።

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ። ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ልጅ ነው። ስለ ተቀባይ ማለቴ ነው።

ስለ አውጪው ሁሌም ይወራል። ድምፁ፣ ግጥሙ፣ ግርማው። ተቀባይ ስም የለውም። ድሮ ካሴት ሽፋን ላይ እንኳ ስሙ ከተጻፈ መነጽር በሚያስፈልግ ፊደል ነበር።

የተቀባይን ጉልበት ያየሁት ውሃ ጠፍቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ሦስት ሳምንት ቧንቧው ደረቀ። ሐይቅ አጠገብ እየኖሩ ውሃ በባጃጅ ማስመጣት እንዴት እንደሚያናድድ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል። የሚመለከተው ቢሮ፣ ስሙ ይቅር፣ መልሱ ሁሌ "ነገ" ነው። የሰፈሩ ልጆች ደማቸው ፈልቶ ነበር፤ ድንጋይ የሚል ቃልም ተነስቷል። ያኔ የእድራችን እናቶች "ቆዩ፣ እኛ እንሂድ" አሉ። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ወጡ። ከፊት የነበሩት ለቅሶ ቤት ሁሉ ሙሾ የሚያወርዱት እናት ናቸው። ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ እየመቱ ለቧንቧው ሙሾ አወረዱለት፦

ቧንቧዬ ሞተብኝ በጎልማሳነቱ፣
ሐይቅ ዳር ተወልዶ በውሃ ጥም መሞቱ!

ተቀባዮቹ ደረታቸውን እየመቱ "ወይኔ ቧንቧዬ!" ይላሉ። በሩን ሊዘጋ የመጣው ጥበቃ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲታገል አይቻለሁ። አንድ ኃላፊ ወጣና "አስተባባሪያችሁ ማነው?" አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ "ወይኔ ቧንቧዬ!" አሉት። ደግሞ ጠየቀ። ደገሙለት። ማንን ይያዝ? ማንን ለይቶ ይቆጣ?

ውሃው በአራተኛው ቀን መጣ። ከሙሾው ይሁን ከፓምፑ ጥገና እስካሁን ቡና ላይ እንከራከራለን። እኔን የገረመኝ ግን ድንጋይ ያሉት ልጆች ናቸው። ከኋላ ቆመው ሲቀበሉ ነበር። የሚቀበል ሰው ትንፋሹን ከጎረቤቱ ጋር ማስተካከል አለበት። የአውጪዋን ስንኝ ካልሰማ መግቢያው ያመልጠዋል። እየሰሙና እየጠበቁ ደግሞ መሳደብም መወርወርም አይመችም። (ዘፈን ሁሉ ሰላም ነው አላልኩም። ፉከራና ቀረርቶም ዘፈን ነው፤ ወዴት እንደሚወስድ እናውቃለን።)

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የድሮ ገዢዎች የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ "እረኛ ምን አለ?" ይሉ ነበር። ግጥሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ አገሩ ሁሉ ግን ተቀብሎታል። እዚሁ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ ላይ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ፣ ቄጣላ የሚባለው የጋራ ጭፈራ ሲደምቅ የቆመ ሰው የምለው ይገባዋል። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል፤ መሬቱ በእግር ስር ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ስሜት ግን መዝገብ ላይ የለም። ወደ ሻሸመኔ ወጣ ስትሉ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ አለ። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን ዘንግ ናት። አንዷ ከተበደለች ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እየዘመሩ ከቤት ይወጣሉ፤ በዳዩ ካልካሰ አይመለሱም። በሚጣሉ ወንዶች መሃል ሲንቄ ይዘው ሲቆሙም ጠቡ ይበርዳል። ልጆቻችን ስለ ሰላማዊ ትግል ሲማሩ ከጋንዲ በፊት ይህችን ዘንግ ቢያውቋት ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። መስከረም 1 ቀን 1981 እሑድ ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ፣ በዚያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1988፣ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን የመዘምራን ሜዳ ላይ 300,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ ይዘምር ነበር። አገሪቱ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር ናት። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል ቢሆን ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ሜዳው ላይ ነበር ማለት ነው! በዚያ አገር ትልልቅ የመዝሙር በዓል ከ1869 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው፤ ሕዝቡ አብሮ መቀበልን የተማረው ያን ዕለት አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ነፃነታቸውን መለሱ። ትግሉን "የመዝሙር አብዮት" ይሉታል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይፈጥንም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ደቡብ አፍሪካውያን ሴቶች ጥቁሮች የሚያዙበትን የይለፍ ደብተር ተቃውመው ፕሪቶሪያ ገቡ። የመንግሥት ሕንፃው ደጃፍ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ጭጭ ብለው ቆሙ። ያን ያህል ሰው፣ ብዙዎቹ ሕፃን አዝለው፣ ጭጭ! ከዚያ ዘመሩ። የይለፍ ሕጉ የተሻረው በ1986 ነው። ሠላሳ ደቂቃ ዝምታ፣ ሠላሳ ዓመት ጥበቃ። ከዘመሩት መካከል ሳያዩት ያለፉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ብዕሬ ይቆማል፤ "ዋናው መዘመሩ ነው" ብዬ ላልፈው አልችልም። ሠላሳ ዓመት ረጅም ነው።

ዓመቱን ሙሉ ጽሑፌን ስታነቡ፣ ስታርሙኝ፣ አንዳንዴም ስትቆጡኝ ለነበራችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ግጥሙ ጠፍቶኝ ዝም ባልኩባቸው ወራት "የት ጠፋህ?" ያላችሁኝን አልረሳም። የታመማችሁ ይማራችሁ። ሐዘን ላይ ያላችሁ ያጽናችሁ። ከቤታችሁ ርቃችሁ በዓሉን በስልክ የምታሳልፉ፣ ድፎው እንዳይቀርባችሁ ፎቶውን ልኬላችኋለሁ፤ ይቅርታ፣ ሽታው አይላክም።

ልጆቹ አሁን ሦስተኛው በር ላይ ናቸው። ትንሿ አሁንም ከሁሉም ኋላ ነው የምትጨርሰው፤ እዚህ ድረስ ይሰማል። ቡናው ፈልቷል፣ እየተጠራሁ ነው። መልካም አዲስ ዓመት።