ሚኖ ፏፏቴ፣ አራተኛ ጉዞ፦ ባዘቶ ወይስ ፈትል?

ባለፈው ያሳየኋችሁን ፎቶ አይቶ ከመካከላችሁ አንዱ «ውሃው ባዘቶ መስሏል» አለኝ። ትንሽ ተቀየምኩ። ቤት ገብቼ አጉልቼ ሳየው ግን እውነትም የተባዘተ ጥጥ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተከመረ። ማክሰኞ ጠዋት ትራይፖዴን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያዬን) ተሸክሜ ወደ ፏፏቴው ተመለስኩ።

ላልሄዳችሁበት፦ ሚኖ ጃፓን ውስጥ፣ ከኦሳካ ከተማ በስተሰሜን ነው፤ በሃንኪዩ ባቡር ይደረሳል። ከጣቢያው ወንዙን ይዞ በጫካው ውስጥ የሚወጣው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ተነጥፏል፣ በተራ ጫማም ይኬዳል። ፏፏቴው 33 ሜትር ነው። ስሙ የመጣው «ሚ» ከሚሉት የእህል ማንፈሻ ነው ይባላል፤ የውሃው አወራረድ እሱን ስለሚመስል። እህል በሰፌድ ሲበጠር እያየ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

መንገድ ላይ ሪዩአንጂ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። የሚከበርባት ቤንዛይተን ናት፤ ከውሃና ከዜማ ጋር የተያያዘች አምላክ። ከቀዩ ድልድይ አጠገብ ቆሜ እጄን ላፍታታ ብዬ ወንዙን ማንሳት ጀመርኩ። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ፎቶዬን ላለማበላሸት ቆመው ይጠብቁኛል። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ እንጃ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወዲያ ትራይፖዴን ጥግ ላይ ብቻ ነው የምዘረጋው።

አሁን ወደ ስህተቴ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 11 ላይ ካሜራው ያለ ፊልተር 1/30 ሰከንድ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ጥቁር ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት) ብርሃኑን 64 ጊዜ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መከለያ) ከ2 ሰከንድ በላይ ክፍት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሃው ተደበላልቆ ባዘቶ ይሆናል። 8 ጊዜ ብቻ የሚቀንሰውን ሳስገባ ወደ 1/4 ሰከንድ ወረደ፤ ያኔ ውሃው ፈትል ፈትል ሆኖ ታየ፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው። ውድ ፊልተር ገዝቼ ስታገል የከረምኩት ርካሹ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ነው!

ሌላው ችግር ዙሪያው ያለው ጨለማ ጫካ ነበር። ካሜራው ጫካውን ላብራ ሲል ውሃውን ከልክ በላይ አንጥቶ ዝርዝሩን ያጠፋዋል። ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ቀነስኩ፣ የነጩ ውሃ ዝርዝር ተመለሰ። ፎከሱን (የምስሉን ጥራት) ደግሞ ጥቁሩን ፊልተር ከመግጠሜ በፊት ማስተካከል ነበረብኝ፤ ከገጠምኩት በኋላ ካሜራው አያይም። የመጀመሪያዎቹ 20 ፎቶዎች በዚህ ጠፉ።

ስመለስ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ጥብስ ገዛሁ። ቅጠሉን በጨው ካቆዩ በኋላ ሰሊጥ ባለው ጣፋጭ ሊጥ ነክረው ይጠብሱታል። እንደ ዳቦ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ የቅጠል ጣዕም ግን ፈልጌ አጣሁ።

ከ62 ፎቶ 3 ቀርቶኛል። በፎከስ ከጠፉት ሌላ ያሉት ሌንሱ ላይ ባረፈው የውሃ ፍንጣቂ ተበላሽተዋል። የሌንስ መጥረጊያው ጨርቅ ራሱ ከረጠበ በኋላ ሌንሱን በምን ነው የምትጠርጉት?