«ጨጓራዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ትሪያጅ ላይ። በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ «ምን ሆነህ ነው?» የምትለው ነርስ እኔ ነኝ። ደረቱን የያዘ ወጣት ከሆነ መልሱን ብዙ ጊዜ ሳይናገር አውቀዋለሁ። «ጨጓራዬ ነው፣ ሲስተር።»

አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ግን ሁሌ አይደለም፤ ያ ነው የሚያሳስበኝ።

የፋሲካ ማግስት ክፍላችን በጨጓራ ይሞላል። 55 ቀን የጾመ ሆድ ዶሮና ጥሬ ሥጋ ሲወርድበት የሚሆነው ይታወቃል። እንዲህ ባለ ቀን ነው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ የሚኒባስ ሹፌር ከባለቤቱ ጋር የመጣው። በእጁ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ፓኬት ይዟል። «ትናንት ሥጋ አብዝቶ ነው» አለች ባለቤቱ። እሱ ብዙ አላወራም። የት ጋ እንደሚያመው ስጠይቀው በጣቱ አላሳየኝም፤ እጁን ጨብጦ ደረቱ መሃል ላይ አስቀመጠው። ሸሚዙ ከአንገትጌው ጀምሮ ረጥቧል። ግንባሩን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ግራ ክንዱም ደንዝዞታል። «ተኝቼበት አድሬ ነው» አለኝ።

ካርድ እስኪወጣ አልጠበቅንም። አስተኝተን ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) አነሳነው። ሃርት አታክ ነበር። የተዘጋ የልብ ደም ሥር መክፈት ወደሚችል ሆስፒታል በአምቡላንስ ላክነው። ተርፏል።

የልብና የጨጓራ ሕመም የሚምታታው ያለ ምክንያት አይደለም። የልብ የታችኛው ክፍል ከጨጓራ በላይ፣ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ (ድያፍራም) ላይ ነው ያረፈው። የሁለቱ ነርቮችም ወደ አከርካሪ የሚገቡት በተቀራረበ ቦታ ነው። ስለዚህ ልብ ሲታመም ሰው ከእንብርቱ በላይ ያቃጥለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያገሳል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ቀለል ቢለውም ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የሚለየው ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ኩንታል ጤፍ ደረቱ ላይ የተጫነበት ያህል ነው የሚገልጸው። ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ትንፋሽ ያጥራል። ሳይሞቃችሁ ላብ ካጠመቃችሁ አትጠብቁ። ቀናት ቀድሞ የሚመጣም አለ፦ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስትወጡ ደረታችሁን ጨምድዶ ይይዛችኋል፣ ቆም ስትሉ ይለቃችኋል። ጨጓራ ዳገት አይቆጥርም። እንዲህ ከሆነባችሁ በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ታዩ።

ስለ ሴቶች ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር። ሴቶች ላይ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ድካም፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም ከደረት ሕመሙ በላይ ጎልተው ሊመጡ ይችላሉ። ያኔ «ጭንቀት ነው» ይባላል። አራስ ከሆነች ደግሞ «ብርድ ገብቷት ነው» ተብሎ በቅቤ ትታሻለች፣ አጥሚት ይጨመርላታል። የልብ ደም ሥር ግድግዳ በድንገት ሲሰነጠቅ የሚመጣ ሃርት አታክ አለ። ይበልጥ የሚያጠቃው ሴቶችን ነው፤ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ይከሰታል። ሲጋራ አታጨስም፣ ስኳር የለባትም፣ ግፊት የለባትም፤ ግን ይይዛታል። አራስ ደረቷን ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት እባካችሁ ቤት አታቆዩዋት። ልብ ባይሆን እንኳ ሳንባ ውስጥ የተቀረቀረ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ወጣት ወንዶች ላይ በብዛት የማየው ሲጋራ ነው። ጫትም ልብን ያስጨንቃል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይብሳል። ተለክቶ የማያውቅ ግፊትም አለ። አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ሕመም ካገኛቸው እናንተም ቀድማችሁ መመርመር አለባችሁ። እኛ ቤት ግን «ቁጭ ባለበት ሞተ» ተብሎ ይታለፋል። ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ምን ብሎ ነበር፣ የት ጋ አሞት ነበር?

ሕመሙ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ ተልባ በጥብጦ መተኛት የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ። አምቡላንስ ከዘገየ ሌላ ሰው ይንዳ፣ በሽተኛው መሪ አይያዝ። የአስፕሪን አለርጂ፣ የደም መፍሰስ ወይም የቆሰለ ጨጓራ ከሌለ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ መዋጥ ይረዳል።

ትሪያጅ ስትደርሱ በጨጓራ አትጀምሩ። «ደረቴ ላይ ይጫነኛል፣ ያልበኛል፣ የጀመረኝ በዚህ ሰዓት ነው» በሉ። ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሕመሙ ካልተዋችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ እንዲደገም ጠይቁ። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ከፍ ብሎ ለመታየት ሰዓታት ይወስድበታልና እሱም ይደገማል።