እስከ ወንዶ ገነት በ32 ንፋስ

እናቴን ወገቧን ካመማት ሰንብቷል። መድኃኒቱም ፊዚዮቴራፒውም እንዳለ ሆኖ፣ ልቧ ያለው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ላይ ነው። "እሱን አንዴ ልታጠብበትና ከዚያ ያላችሁኝን ሁሉ እውጣለሁ" አለችን። መውሰዱ ለእኔ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፊት ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ብንለምናት በጄ አላለችም። "መኪናው ሁሉ እላዬ ላይ የሚመጣ ይመስለኛል" ትላለች። የኋላ ወንበር ደግሞ ለኋላ ጎማዎቹ ቅርብ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ከፊት ካለው ይልቅ ኋላ የተቀመጠው ነው የሚነጥረው። ስለዚህ ዝግጅቱን ከጎማው ጀመርኩ።

መኪናዬ ኮሮላ ነች። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው ስታይል የሚወድ ነበር መሰለኝ፣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ አስገብቶባታል። ጎማው 215/45 ነው። ቆማ ስትታይ ታምራለች፣ እሱን አልክድም። ስትሄድ ግን የኮብልስቶኑን ድንጋይ አንድ በአንድ ታስቆጥራለች። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሮ ከኋላ የሚመጣው "ዉዉዉ" የሚል ድምፅ ነው። ያማከርኳቸው ሁሉ "ኩሽኔታ ነው፣ ቀይረው" አሉኝ። ኩሽኔታ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

ኩሽኔታ ከመፈታቱ በፊት ግን የሚሞከር ነገር አለ። የተበላሸ ኩሽኔታ መንገድ አይመርጥም። ለስላሳው አስፋልት ላይም ሻካራው ላይም ያው ይጮኻል። ድምፁ የሚለወጠው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀለስ ሲያደርጉት፣ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። የጎማ ድምፅ ደግሞ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል። የኔዋ አዲስ አስፋልት ስታገኝ ዝግ ትላለች፣ አሮጌው ላይ ትጮኻለች። ዳር ይዤ ቆምኩና የኋላውን ጎማ ጥርስ በመዳፌ ዳሰስኩት። ወደ አንዱ አቅጣጫ እጄ ልስልስ ብሎ ያልፋል። ወደ ሌላው ስመልሰው እያንዳንዱ ጥርስ ጫፉ ጣቴን እንደ መጋዝ ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ኩሽኔታው ንጹህ ነው።

ጎማ እንዲህ የሚበላው በምክንያት ነው። የደከመ አሞርዛተር (የመኪናዋን ንጥረት የሚያበርደው ክፍል) ጎማውን መሬት ላይ በወጉ አያሳርፈውም፣ ያነጥረዋል። አላይመንቷ (የጎማዎቿ አቅጣጫ) የተዛባ መኪና ደግሞ ጎማዋን እየፋቀች ነው የምትሄደው። አዲስ ጎማ ገዝቶ እዚያው ችግር ላይ ማሰር ገንዘብ ማቃጠል ነው። የኋላ አሞርዛተሮቹ ተቀየሩ፣ አላይመንት ተሠራ፣ ወደ ጎማ ግዢው ከዚያ በኋላ ሄድኩ።

ባለ 17ቱን ቸርኬ ሸጥኩት። ገዢው ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ስታይል የሚወድ ሰው አይጠፋም። በምትኩ ባለ 15 ቸርኬ አፈላልጌ አገኘሁ። ጎማው 195/65 ነው። 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። ሲሰላ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የድሮው ጎማ ጎን 97 ገደማ ነበር። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በቸርኬውና በመንገዱ መሃል ያለው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ላስቲክና ንፋስ ነው። ከወጣሁባቸው ወጪዎች ሁሉ የእናቴን ወገብ የጠቀመው ይሄ ሦስት ሴንቲ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻጩ ሌላ ሐሳብ ነበረው። "ክፍለ ሀገር ከሆነ ይሄን ውሰድ፣ ጭቃ አይል ድንጋይ አይል" ብሎ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ አወረደልኝ። ለጭቃ ጥሩ ነው። አስፋልት ላይ ግን እያንዳንዱ ትልቅ ጥርስ መሬቱን እየመታ ይሄዳል፣ በጥርሶቹ መሃል የተያዘው አየርም ተጨምቆ ሲወጣ ያፏጫል። ዝም ያለ ጎማ ጥርሱ ደቀቅ ያለ፣ መሃሉ ላይ ያልተቆራረጠ መስመር የዞረበት ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ የጥርሶቹ ርዝመት እኩል አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። ሁሉም እኩል ቢሆኑ በእኩል ጊዜ መሬት እየነኩ አንድ ወጥ ፉጨት ይፈጥሩ ነበር። ሲለያዩ ድምፁ ይበታተናል፣ ጆሮም አይዘው።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ጎማዎች ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ብዙ ሰው ቀድዶ ይጥለዋል። እሱ ላይ የድምፁ መጠን በዴሲቤል አለ፣ ከፈረንጆቹ 2021 ወዲህ ባለው ወረቀት ላይ ከኤ እስከ ሲ የሚል ደረጃም ተጨምሮበታል። ፊቴ ከነበሩት ሁለት ጎማዎች አንዱ 69፣ ሌላው 72 ይላል። ሦስት ቁጥር ናት ብላችሁ አትናቋት፤ በዴሲቤል ሦስት ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። እርግጥ ልኬቱ የውጭ ድምፅ ነው። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ በ80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መንገድ ዳር በቆመ ማይክሮፎን ነው የሚለካው። ወንበር ላይ ላለ ሰው የሚሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለመምረጥ ግን መነሻ ይሆናል። 69ኙን ወሰድኩ።

የተሠራበትን ቀን ሳላይ ግን ብር አላወጣሁም። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። 1524 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2024 በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይም ያንሸራትታል። አሮጌዎቹ እዚያው ቀሩ። ምናልባት አሁን በረባሶ ሆነው የሆነ ሰው እግር ላይ ይሆናሉ።

ክርክሩ የመጣው ንፋሱ ላይ፣ ማለትም በፒኤስአይ በሚለካው የጎማው ግፊት ላይ ነው። ጎሚስታው ልጅ ባላንሱን ሠርቶ ሲያበቃ ቱቦውን እንደያዘ፣
"ጋሼ፣ ረጅም መንገድ ነው አይደል? 40 ላድርገው?" አለኝ።
"32 ይበቃል።"
"32ማ ለከተማ ነው። ኤክስፕረስ ላይ ጠንከር ማለት አለበት።"
የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አሳየሁት። "እሱ ለነሱ አገር መንገድ ነው ጋሼ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ የተጻፈውን ጠቆመኝ። "ይኸው፣ ጎማው ራሱ 44 ይላል።"

እውነቱን ነው፣ ይላል። ግን ጎማው የሚናገረው የመጨረሻ የሚችለውን ነው። ጎማው ራሱ የትኛው መኪና ላይ እንደሚታሰር አያውቅም። የበሩ ወረቀት ግን የዚህችን መኪና ክብደትና የጎማዋን መጠን አይቶ የተጻፈ ነው። 40 ቢሞላ ጎማው መሃሉ ያብጥና ይበልጥ በመሃሉ ይሄዳል። መሃሉ ቶሎ ይበላል፣ መሬት የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል፣ እያንዳንዷ ጠጠር ደግሞ ቀጥታ ወደ ወንበር ትመጣለች። ሦስት ሴንቲ ንፋስ ገዝቼ ሳበቃ በ40 ላደነድነው ነው እንዴ?

የሚስቴ ወንድም ደግሞ በተቃራኒው መጣ። "ለእማማ ወገብ ከሆነ 26 አድርገው፣ ፍራሽ ይሆናል።" ከተማ ውስጥ ለሁለት ኪሎ ሜትር ፍራሽ ይሆን ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ግን የለዘበ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል። እንዲህ የጋለ ጎማ ነው ፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳው። ነዳጅም ይበላል፣ ትከሻውም ያልቃል። ለነገሩ ንፋስ ያለው ጎማ ድሮም የመጣው ለምቾት ነው። በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳትነጥርበት ብሎ ነው ንፋስ የሞላ ጎማ የሠራላት። ምቾቱ እንግዲህ ንፋሱ ልክ ሲሆን ነው። በራሴ መለኪያ ደግሜ ለካሁ፣ አራቱም 32። ከኋላ ያለውን ስኮርታ ጎማም አስሞላሁት። እሱን ማንም አያስታውሰውም።

በማለዳ ወጣን። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ገባን። ይህ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ የጎማ ድምፅ መፈተኛ የሚሆን ቦታ አግኝተናል። ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ የመኪና ዋናው ጩኸት የሞተሩ ሳይሆን የጎማው ነው። መለኪያዬ እናቴ ነበረች። መንገድ ስንጀምር ሁልጊዜ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትደግማለች። በድሮው ጎማ 80 ስንደርስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወት አየዋለሁ እንጂ ድምፅዋ አይሰማኝም ነበር። አሁን 100 ላይ ቃሉን እየለየሁ እሰማታለሁ።

ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳው ፈጣን መንገድ ታጠፍን። እስከ ባቱ ድረስ መኪና እንደልብ አይበዛበትም። እዚህ አንድ ነገር ልብ አልኩ። አስፋልት ሁሉ አንድ አይደለም። ጠጠሩ ደቀቅ ያለበት ቦታ ድምፁ ይጠፋል፣ ጠጠሩ ጎላ ያለበት ቦታ ሲደርስ ያለ አንዳች ጉድጓድ ወለሉ ስር ይጉረመረማል። ጎማውን አትጠርጥሩ።

ባቱ ላይ ዓሣ በላን። እናቴ ከመንገድ ዳር የሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር እኔ መለኪያዬን አውጥቼ ጎማውን ለካሁ። 36! አጠገቤ የነበረ ልጅ "ጋሼ፣ ሙቀት ስላለ ቀንስለት፣ ይፈነዳል" አለኝ። አልነካሁትም። ጎማ ሲሄድ ይግላል፣ ሲግል ይጨምራል፣ ይሄ ገና ከፋብሪካው የታሰበበት ነው። በሩ ላይ ያለው 32 ቀዝቃዛ ጎማ ላይ የሚለካ ነው። በግለቱ ወደ 32 ያወረደው ሰው፣ በማግስቱ ጠዋት 28 ላይ ነው የሚነሳው።

የቦታው ከፍታም የራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ባቱ 1,640 አካባቢ። ወደ ታች ስንወርድ የውጪው አየር ይከብዳል። ስለዚህ ጎማው ምንም ሳይተነፍስ መለኪያው አንድ ቁጥር ገደማ ቀንሶ ያሳያል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ይመልሰዋል። ለሐዋሳ መንገድ ይሄ ቁም ነገር አይደለም። ወደ አፋር ወይም ጅቡቲ ለሚወርድ ሰው ግን ልዩነቱ ስለሚሰፋ፣ አድሮ ጠዋት ቢለካ ይሻለዋል።

ከባቱ በኋላ እኛ የሄድንበት አሮጌው መንገድ ነው። በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ በኩል ሻሸመኔ ድረስ ጥገናው፣ ጉድጓዱ፣ ጋሪው፣ በየከተማው ያለው ጉብታ። ረጅሙ የጎማ ጎን እዚህ ጋ ጥቅሙን አሳየ። የአስፋልቱን ጥጋጥግ ስንወጣና ስንወርድ ድሮ "ጓ!" ይል የነበረው አሁን "ዱብ" ብሎ ያልፋል። ትልልቁን ጉድጓድ ግን ምንም ጎማ አይችለውም። ንፋሱ ያነሰ ከሆነ ጎኑ በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መሃል ይቀጠቀጥና እባጭ ያወጣል። ፍጥነት ከመቀነስ ሌላ መድኃኒት የለውም። እናቴ አርሲ ነገሌ ላይ ተኝታ ነበር። ወገቡን የሚያመው ሰው መኪና ውስጥ ሲተኛ ከዚያ በላይ ምን ምስክር እፈልጋለሁ?

ወንዶ ገነት እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ፍል ውሃው ይፋጃል፣ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ዝንጀሮዎቹ ሙዛችንን አይተዋል። እናቴ ከውሃው አልወጣም ብላ ስታስቸግረን ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሳንነሳ ለካሁ፣ 31። ለመመለሻው ግን ጭነቱ ሌላ ነው። ሽንኩርቱ ኩንታል ባይሞላም አይተናነስም፣ ሙዝና ሸንኮራ ተጨምሮበታል፣ ሻሸመኔ ላይ ደግሞ ሁለት ዘመዶች ኋላ ተሳፍረዋል። የበሩ ወረቀት ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈ ሁለተኛ ቁጥር አለ፣ የኋላዎቹ 36። ሻሸመኔ ያለው ጎሚስታ የኋላዎቹን 36 አድርግ ስለው ምንም ሳይከራከር ሞላልኝ።

ጎማው ዝም ሲል የተሸፈነው ሁሉ ይወጣል። ከባቱ እንደወጣን እናቴ "ልጄ፣ ይሄ ቅጭልጭል የሚለው ምንድን ነው?" አለች። ቆምን። ከሽንኩርቱ ስር ቆፍሬ ክሪኩን አወጣሁት፤ ማሰሪያው ላልቶ ቸርኬ መፍቻው ላይ እየተንቀጫቀጨ ነው። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ጎን ላይ ሸጎጥኩት። ሞጆ ሳንደርስ ደግሞ ከክሩስኮቱ ውስጥ አንድ ነገር "ጢቅ ጢቅ" ማለት ጀመረ። እሱን ገና አላገኘሁትም።