ደቡብ ዳኮታ፦ «ከዚህ ወዲያ ሰው የለም»

ከሚኒያፖሊስ እስከ ደቡብ ዳኮታዋ ከተማ ሲዩ ፎልስ አራት ሰዓት ገደማ ነዳሁ። ስለዚያ መንገድ ብዙ የምለው የለኝም፤ በቆሎ ነው።

ሲዩ ፎልስ ውስጥ ሐበሻ አይጠፋም። ብዙዎቹን እዚያ ያመጣቸው የስጋ ፋብሪካ ሥራ ነው። ያደርኩት ጓደኛዬ እናት ቤት ነበር። ጠዋት ቡናውን እስከ በረካ አጠጡኝ፤ ዳቦ ቆሎ በፌስታል አስያዙኝ። «ልጄ፣ ነዳጅህን ሙላ። ከዚህ ወዲያ ሰው የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በግዛቱ 200,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 886,667 ነው። እኔ ያደግኩት መርካቶ ነው፤ ሰው ሳልጋፋ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቻምበርሌን ላይ ሚዙሪ ወንዝን ስሻገር እርሻው አለቀና ሣሩ ጀመረ። ከወንዙ ምሥራቅ ያለው ገበሬ፣ ምዕራብ ያለው ከብት አርቢ ነው። የከብቱ ቁጥር ከሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሙርዶ የምትባለውን ከተማ አለፍ እንዳልኩ ደግሞ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ ጠጠር መንገድ ስይዝ ጎማዬ ተነፈሰ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ክሪኩን ሳስገባ ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻዬን ታገልኩ። ልቤ በጣም ፈርቶ ነበር።

አንድ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌ ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ከኋላ ጣውላ አውጥተው ከክሪኩ ሥር አስገቡ። ቡሎኑ አልፈታ ሲል መፍቻውን በቡትስ ጫማቸው ረገጡት። ፒክአፑ ላይ በአራት ማዕዘን የተጠረበ የከብት ጨው ተደርድሯል፤ ቁርጥ አሞሌ! አያቴ ሰላሌ ውስጥ ለላሞቻቸው ይህንኑ ይሰጡ እንደነበር ነገርኳቸው። «ስንት ላም ነበራቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ስድስት አልኳቸው። በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ገንዘብ ባወጣ እንቢ አሉ።

ማታ የገባሁበት ሞቴል ግን አናደደኝ። በስልክ 79 ዶላር ያሉኝን ክፍል ስደርስ 110 አደረጉት። መሽቷል፣ የት ልሂድ? ከፈልኩ። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን ሲያንኳኳ አደረ፤ ዓይኔን አልከደንኩም።

ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው። ሸንተረሮቹ ቀይና ነጭ መስመር እየሠሩ ተደርድረዋል። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ተቀምጬ ዳቦ ቆሎዬን በላሁ።

ራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹትን አራት ፕሬዚዳንቶችም አየሁ። እኔን የያዘኝ ግን የመሬቱ ታሪክ ነው። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የ1868 (እ.ኤ.አ.) ውል፣ ራሽሞር ያለበት የብላክ ሂልስ ተራራማ አገር ለነባሮቹ ሕዝቦች፣ ለላኮታዎችና ለሌሎች የሲዩ ሕዝቦች ነበር፤ ወርቅ ሲገኝ ተወሰደባቸው። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰነላቸው። አንቀበልም፣ መሬታችንን መልሱልን አሉ፤ ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልነኩትም። ርስት ምን እንደሆነ አያቴ ሲያወሩ ለሰማሁት ለእኔ ይህ እንግዳ አይደለም።

እዚያ አገር በጠባቡ መንገድ የሚተላለፉ ሾፌሮች እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ አንዲት ጣት ቀና ያደርጋሉ። ሰላምታቸው ናት። ስመለስ በዚያው ጠጠር መንገድ አንድ ፒክአፕ ከሩቅ አቧራውን እያስነሳ መጣ። ቀድሜ ጣቴን አነሳሁ። እሱም አነሳ።