ካቻቢቴ እንግሊዝኛ አልነበረም

ለገና መጥቼ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነኝ። ብርዱ ያው ነው። እናቴ የመንዝ ባናዋን ደርባ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣለች። የእህቴ ልጅ ቪዛዋ ወጥቶላት ከፋሲካ በኋላ እኔ ወዳለሁበት ወደ ዴንቨር ትመጣለች፤ ስለዚህ ማታ ማታ የእንግሊዝኛ አስጠኚ ሆኛለሁ። ደብተር ገዝታ፣ በመስመር ለሁለት ከፍላ፣ ግራውን ለአማርኛ ቀኙን ለእንግሊዝኛ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

ጎበዝ ተማሪ ናት። እኔም ነበርኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፤ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ስንገለብጥ ነው ያደግነው። ዲቪ ደርሶኝ ስሄድ ቋንቋው አያሳስበኝም ነበር። የተቀበሉኝ ዘመዶች ያስጠነቀቁኝ ስለ አየሩ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ ስለሆነች «ማይል ሃይ ሲቲ» ትባላለች፤ «መጀመሪያ ትንሽ ያደክምሃል» አሉኝ። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ላደገ የደብረ ብርሃን ልጅ! አየሩን እንደ ቆላ ነው የተነፈስኩት።

ያደከመኝ ሌላ ነው። መጋዘን ተቀጠርኩና በሁለተኛው ቀን የመደርደሪያ ብሎን እንዳጠብቅ ተነገረኝ። በሙሉ ልብ «ካቻቢቴ ፕሊስ» አልኩ። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ዝም። እንግሊዝኛ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም፤ አማርኛ ካልሆነ እንግሊዝኛ ነዋ! «ፒንሳ» ስል ግን ሜክሲኳዊው ባልደረባዬ ብድግ ብሎ አቀበለኝ፤ ለካ በእነሱም ቋንቋ እንደዚያው ነው። ካቻቢቴው፣ ጎሚስታው፣ ፌርማታው ሁሉ የጣሊያን ነው። የጣርማ በርን ዋሻ የሠሩት ሰዎች ቃላቸውንም ጥለውልን ሄደዋል። አሁን በልጅቷ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካቻቢቴ በግራ፣ ስክሩድራይቨር በቀኝ ሰፍሯል።

ቃል እንኳ ቀላል ነው፤ አንዴ ታፍራለህ፣ ከዚያ አይረሳህም። እኔን ደሞዝ ያስከፈለኝ «የስ» ነው። አንድ ጠዋት ስገባ ሰዓት መመዝገቢያው ላይ ካርዴን ሳላስነካ ቀረሁ። አለቃዬ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ዲድንት ዩ ክሎክ ኢን?» አለችኝ፤ አልመዘገብክም እንዴ ማለቷ ነው። እኔም በቅንነት «የስ» አልኳት። በአማርኛ «አልበላህም?» ሲሉህ «አዎ፣ አልበላሁም» አይደል የምትለው? አዎ የምንለው ጠያቂው ልክ ነው ለማለት ነው። እነሱ ዘንድ ግን «የስ» ካልክ አድርገሃል፣ «ኖ» ካልክ አላደረግህም፤ ጥያቄው በአፍራሽ ይምጣ በአዎንታ ለውጥ የለውም። መዝግቤያለሁ ያልኩ መስሏት ሄደች። ደሞዝ ሲመጣ የስምንት ሰዓት ክፍያ የለም። ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ «የስ ብለኸኝ የለ?» አለችኝ። ገንዘቡን መልሼ አላገኘሁትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህን ስነግራት ልጅቷ በጣም አዝና «እእ!» አለች፣ አየሩን ወደ ውስጥ ስባ፣ እንደኛ ወግ።

«እሱንም ተይው» አልኳት።

«የቱን?»

«አሁን ያልሽውን። እዚያ የደነገጥሽ ይመስላቸዋል። እኔ ስሠራ አንዷ ባወራችኝ ቁጥር እንደዚያ ስላት ቆይታ ‘አንተ ልጅ፣ አስም አለብህ?’ ብላኛለች።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ ልምምድ ገባን። እኔ ቡና ሻጭ፣ እሷ ደንበኛ። «ጊቭ ሚ ኮፊ» አለች። የሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ግን እዚያ እንዲህ ካልሽ ባለጌ ነሽ። ምን አጠፋሁ አለችኝ፣ ልክ ናት። እኛ አክብሮቱን ግሡ ውስጥ ነው የምንከተው፤ «ይስጡኝ» ስትል ሌላ ጌጥ አያስፈልግህም። እንግሊዝኛ አንተም አንቺም እርስዎም የለው፣ ሁሉም «ዩ» ነው፤ ስለዚህ ክብሩን ከፊት ከኋላ በቃል ይደረድሩታል። «ካን አይ ጌት ኤ ስሞል ኮፊ፣ ፕሊስ» በይ አልኳት። «ማግኘት እችላለሁ ወይ? ከፍዬ?» አለች። ጻፊው ብቻ አልኳት። «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ»ንም ጨመርኩላት፤ እዚሁ ትጠጪዋለሽ ወይስ ይዘሽ ትሄጃለሽ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሂድ የተባልኩ መስሎኝ ወጥቻለሁ።

«አይም ጉድ»ንም አትርሺ። ምግብ ሲያቀርቡልሽ «አይም ጉድ» ካልሽ አልፈልግም ማለት ነው። አንድ «ኖ» ደግሞ ይበቃቸዋል። በሞቴ የለም፣ አፈር ስሆን የለም። እኔ ወግ ነው ብዬ «ኖ ታንክ ዩ» ባልኩበት ቀን የፒዛው ካርቶን ዓይኔ እያየ ተከደነ።

ንባቡ ላይ ስንደርስ ግን ተሸነፍኩ። ሪሲት ውስጥ የማይነበብ ፒ አለ፤ የሱቅ መተላለፊያው አይል ውስጥ ደግሞ የማይነበብ ኤስ። «ለምን ይጽፉታል ታዲያ? እኛ የጻፍነውን እናነባለን» እያልኩ ልኮራ ስል ልጅቷ ደብተሯ ላይ «ገና ገና አልደረሰም» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፣ ፊደሉ ያው። ዝም አልኩ።

ሊመሽ ሲል ግራውን ዓምድ እየቆጠረች «ጋሼ፣ አይዞሽ ምንድን ነው በእንግሊዝኛ?» አለችኝ።

አሰብኩ። «ሶሪ» አይደለም። «ዶንት ዎሪ»ም አይሞላውም። አንድ ክረምት በረዶ አንሸራቶኝ መንገድ ላይ በጀርባዬ ስዘረጋ አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ ያለችኝ ትዝ አለኝና ነገርኳት።

እናቴ ጀበናውን እያስቀመጠች «ምን አለችህ?» አለች።

«‘አር ዩ ኦኬ?’»

«ምን ማለት ነው?»

«ደህና ነህ ወይ?»

«ወድቆ እያየችው?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ እኔም ወደ እናቴም አየች። ቀኙን ባዶ ትታ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።