ጉርሻ የሌለበት ማዕድ፦ ከሐዋሳ ወደ ጀርመን የአረጋውያን ቤት

ከትምህርት በኋላ አንድ ዓመት ወስጄ በጀርመን አገር በአረጋውያን መኖሪያ ቤት በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው 27 ዓመት ላልሞላቸው ወጣቶች የተዘጋጀው ፍራይቪሊገስ ሶስያለስ ያር (የበጎ ፈቃድ ማኅበራዊ ዓመት) ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርና ሲቆም የተጀመረው፣ የዕድሜ ጣሪያ የሌለው ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት (የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት) ነው። ደመወዝ የለም፤ የኪስ ገንዘብ ግን አለ፣ የጤና መድኑንም የሚከፍለው ተቀባዩ ድርጅት ነው። ለወጣቶች በዓመት 25 የሴሚናር ቀን አለ። የኪስ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ ቤትና ምግቡን ማን እንደሚችል በቁጥር ያልተጻፈበት ውል አይፈረም።

ዝግጅቱን ቢያንስ ከስምንት ወር በፊት መጀመር ይሻላል፤ ከሁሉ የሚረዝመው ቋንቋው ነው። ኤ2 የሚባለውን የጀማሪ ደረጃ፣ ጎተ የተባለው የጀርመን ቋንቋና ባህል ተቋም የሚሰጠውን ፈተና ለማለፍ ከ100 60 ያስፈልጋል። ፈተናውም የኤምባሲው የቪዛ ቀጠሮም አዲስ አበባ ነው፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሌሊት ተነስቼ ለጠዋት ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ ማለት ቁማር ነው፤ ሻሸመኔ ወይም ሞጆ ላይ አንድ መጨናነቅ ቀጠሮውን ይበላዋል። በዋዜማው ገብቶ አዲስ አበባ ማደር ነው። ቀጠሮው ወረቀት ላይ 8:00 ተብሎ እንደሚጻፍም አይዘንጋ፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ማለት ነው።

ሰነድ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው የልደት ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 መደመር ሁሉም ያውቃል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ግን ቀኑ በአንድ ይገፋል፤ መስከረም 1 ቀን 1996 የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 እንጂ 11 አይደለም። ፓስፖርቱ 12፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ 11 ካለ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር የሚገባው ከማስተርጎም በፊት ነው። ስምም እንዲሁ፤ ፎርም ላይ ሁሉ ፓስፖርቱ በየሳጥኑ እንደከፋፈለው መገልበጥ ነው።

ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ መያዝ ይቻላል። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገቡም፤ መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው።

ከቋንቋውም ከብርዱም በላይ የከበደኝ፣ ለሽማግሌ እንዲህ ይደረጋል ተብዬ ያደግሁበትን ሥርዓት በየሰዓቱ መግታት ነበር። አዛውንት ሸሚዝ ሲቆልፉ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ እኛ ተሽቀዳድመን እንቆልፍላቸዋለን። እዚያ ይህ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ስምንት ቁልፍ አሥር ደቂቃ ቢፈጅም ይፍጅ፤ ያልሠራ ጣት ይደነዝዛል፣ ዛሬ የተቀሙት ሥራ በወሩ ከእጃቸው ይጠፋል። የመጀመሪያውን ቁልፍ አስጀምሮ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ መጠበቅ ነበር።

ከዚህ የባሰ አደጋ ያለው ማዕድ ላይ ነው። ስትሮክ የመታቸው ወይም የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ አረጋውያን መዋጥ ይቸግራቸዋል። የፍቅር ብለን የምናጎርሰው ትልቅ ጉርሻ ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቆሞ ማብላትም አይሆንም፤ ወደ ላይ ቀና ሲሉ የአየር ቧንቧው ይከፈታል። ስለዚህ ትይዩ መቀመጥ፣ ጀርባቸውን ቀጥ ማድረግ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ ማለቱን ማየት። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ብቻ ይሰጣል። ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ ሲመለስ ዋጡ ማለት ነው፤ ያን ሳያዩ ሁለተኛውን ማንኪያ ማንሳት የለም። ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ እንዳለ ዓይነት እርጥብ ከሆነ ማቆምና ነርሷን መጥራት ነው። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ ውኃ የሚጠጡት በዱቄት ተወፍሮ ነው፤ ለእነርሱ «ጠማኝ» ሲሉ አዝኖ ተራ ውኃ መስጠት ጉዳት ነው።

ከተሽከርካሪ ወንበር ሲያስነሱ ሁለቱም ፍሬን መያዛቸውን አይቶ የእግር ማሳረፊያውን ማጠፍ፤ አለበለዚያ እግራቸው ተጠልፎ ይወድቃሉ። ብብት ይዞ መጎተት ትከሻ ያወልቃል። ከራስ እጅ ላይ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የእጅ ክርም ሳይቀር ይወልቃል፤ የእጅ ማጽጃው ደግሞ 30 ሴኮንድ ሙሉ ይታሻል። መድኃኒት መስጠት የበጎ ፈቃደኛ ሥራ አይደለም፤ ሰው ስለጎደለ ቢጠየቁም እምቢ ማለት ይገባል።

ሁለት ነገር ልጨምር። በይሉኝታ «ያ፣ ያ» (አዎ፣ አዎ) ማለትን መተው ያስፈልጋል፤ ያልገባን ትእዛዝ ገባኝ ማለት ለአረጋዊው የማይሆን ሳህን ማቅረብ ነው። «እንደገና ይንገሩኝ» ማለት እዚያ አያሳፍርም። አንገት ደፍቶ መስማትም እንደ አክብሮት አይታይም፤ ጆሯቸው የደከመ ብዙዎቹ የሚሰሙት ከንፈር እያዩ ነው። በአንጻሩ አማርኛ የሚያግዝበት ቦታ አለ። «ዚ» የሚሉት አክብሮት የእኛው «እርስዎ» ነው፤ ግሡም እንደ እኛው የብዙዎቹን መልክ ይይዛል፣ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነርሱ ይመጣሉ» አንድ እንደሆኑ ሁሉ። አንቱታ ያወቀ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይይዘዋል።

እንደደረሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመኖሪያ አድራሻን ማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። የግብር ቁጥሩም የመድን ካርዱም በፖስታ ነው የሚመጡት፣ ፖስተኛውም ሳጥኑ ላይ ስም ካላየ ይመልሰዋል። ቁልፍ በተረከቡበት ቀን በወረቀት ቆርጦ የሚለጠፈው ስም ጎረቤት የሚጠራን ሳይሆን ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው ነው።